አደጋ ሳይደርስ መታወቅ ያለበት፦ የቦሌና የምሥራቅ አዲስ አበባ ነዋሪዎች በወረርሽኝ ጊዜ የሚገለገሉባቸው የጤና አገልግሎቶች

ወረርሽኝ መቼ እንደሚነሣ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ በየትኛው በር ሊገባ እንደሚችል ግን ማወቅ ይቻላል። ለኢትዮጵያ ከእነዚህ በሮች ዋነኛው የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ማረፊያው በ2011 ዓ.ም. ሲስፋፋ በዓመት እስከ 22 ሚሊዮን መንገደኞችን የማስተናገድ አቅም አግኝቷል። የማረፊያው ሠራተኞች፣ የሆቴልና የታክሲ አገልግሎት ሰጪዎች፣ መንገደኞችን የሚቀበሉና የሚሸኙ ቤተሰቦች ከሥራ ሲመለሱ የሚገቡት ወደ ቦሌ ቡልቡላ፣ ወደ ገርጂ፣ ወደ ሰሚት፣ ወደ አያት፣ ወደ የካ አባዶና ወደ ኮተቤ ነው። ስለሆነም በበሩ የገባ በሽታ በመጀመሪያ ሊያንኳኳ የሚችለው የእነዚህን ሰፈሮች ደጃፍ ነው።

በአንጻሩ በኮቪድ-19 ወቅት አገሪቱ ወረርሽኙን ለመቋቋም ካደራጀቻቸው ዋና ዋና ተቋማት አንዳንዶቹም በዚሁ በምሥራቁ የከተማዪቱ ክፍል የሚገኙ ነበሩ። ሆኖም አገልግሎት መኖሩ ብቻውን ሕይወት አያድንም። ነዋሪው የትኛው አገልግሎት ለምን እንደተዘጋጀና መቼ እንደሚጠራ አስቀድሞ ካላወቀ፣ በጭንቅ ሰዓት ያለው አቅም እንደሌለ ይቆጠራል። ይህ ጽሑፍ ያለፈውን ልምድ መነሻ በማድረግ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ አደጋ ሳይደርስ ማወቅና ማዘጋጀት የሚገባውን ያብራራል።

በበሩ ላይ የተገኘ ትምህርት

በጥር ወር 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የድንገተኛ አደጋዎች ማስተባበሪያ ማዕከሉን ሥራ አስጀምሮ፣ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኞችን የሰውነት ሙቀት መለካት ተጀመረ። በዚያን ጊዜ ቫይረሱን በአገር ውስጥ መመርመር ስላልተቻለ፣ የመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልኮ ውጤቱ ይጠበቅ ነበር። ወሩ ከመጠናቀቁ በፊት ግን ኢንስቲትዩቱ ምርመራውን በራሱ ላቦራቶሪ ማካሄድ ጀመረ።

በቫይረሱ መያዙ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው ሰው ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የውጭ አገር ዜጋ ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ የገባው የካቲት 25 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። መያዙ ለሕዝብ የተገለጠው መጋቢት 4 ቀን ነው። በሁለቱ ቀናት መካከል ዘጠኝ ቀን አለ። የሙቀት መለኪያ ትኩሳት ያለበትን ሰው ይለያል እንጂ፣ በሽታው በሰውነቱ ውስጥ እየተራባ ገና ምልክት ያላሳየውን ሰው ሊለይ አይችልም። ከመጋቢት 14 ቀን ጀምሮ ወደ አገር የሚገባ መንገደኛ ሁሉ ለ14 ቀናት በለይቶ ማቆያ እንዲቆይ የተወሰነውም ስለዚህ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በበሩ ላይ የሚደረግ ቁጥጥር በሽታውን ያዘገያል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያስቀረውም። የሚገኘው ጊዜ ጠቃሚ የሚሆነው ጤና ተቋማትና ቤተሰቦች ለዝግጅት ሲጠቀሙበት ብቻ ነው።

አዳራሹ ሆስፒታል የሆነበት ምክንያት

በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ኤካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለኮቪድ-19 ሕሙማን ብቻ አገልግሎት እንዲሰጥ ተደረገ። የሕሙማኑ ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ፣ የኢትዮጵያን ሚሌኒየም ለማክበር ቦሌ ላይ የተሠራው የሚሌኒየም አዳራሽ ወደ 1,000 የሚጠጉ አልጋዎች ያሉት የሕክምና ማዕከል ሆነ። በግንቦት ወር መገባደጃም ሕሙማንን መቀበል ጀመረ። ሠርግ፣ ኤግዚቢሽንና የሙዚቃ ድግስ ይስተናገድበት የነበረው ቤት የሕሙማን መኝታ ሆነ።

ሰፊ አዳራሽን ሆስፒታል የሚያደርገው አልጋ መደርደር አይደለም። በየአልጋው የሚደርስ ኦክስጅን፣ የማይቋረጥ ኤሌክትሪክና ውኃ፣ ባለሙያዎች ንጹሕ ልብስ ለብሰው የሚገቡበትና የተበከለውን አውልቀው የሚወጡበት የተለያየ መተላለፊያ፣ ለሕክምና ቆሻሻ የተለየ ማስወገጃ፣ ከሁሉም በላይ ቀንና ሌሊት በፈረቃ የሚሠራ የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል። እነዚህን በቀናት ውስጥ እጥፍ ማድረግ አይቻልም። አልጋ በፍጥነት ይጨመራል፤ በአልጋው አጠገብ የሚቆም ነርስ ግን በፍጥነት አይገኝም።

ስለዚህ በአንድ ጊዜ የሚታመመውን ሰው ቁጥር መቀነስ የሕክምናው ሥራ አንድ አካል ነው። በወረርሽኙ መጀመሪያ ላይ በዓለም ደረጃ በተሰበሰበ መረጃ መሠረት፣ በኮቪድ-19 ከተያዙ 100 ሰዎች መካከል 80 ያህሉ ቀላል ወይም መካከለኛ ምልክት ነበራቸው። 15 ያህሉ ኦክስጅን የሚያስፈልጋቸው ሲሆኑ፣ 5 ያህሉ ደግሞ ለፅኑ ሕሙማን የሚሰጥ ክትትል ይሻሉ። በዚህ ስሌት 5,000 ሰዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢያዙ 1,000 ያህሉ የሆስፒታል አልጋ ይፈልጋሉ፤ አንድ ትልቅ ማዕከልም በዚያው ሳምንት ይሞላል። እነዚሁ ሰዎች በአምስት ወራት ውስጥ ተራርቀው ቢታመሙ ግን ሁሉም አልጋ ያገኛሉ። የእጅ መታጠብ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ መጠቀምና አካላዊ ርቀት መጠበቅ የሚፈለጉትም በሁለቱ ሁኔታዎች መካከል ያለውን ልዩነት ስለሚፈጥሩ ነው።

ቀላል ምልክት ያላቸው ሰዎች በቤታቸው ተለይተው ክትትል እንዲያገኙ የተደረገውም አልጋው ለሚያስፈልገው ሰው እንዲቆይ ነው። በቤት መታከም መረሳት አይደለም፤ የአገልግሎቱ አንድ ደረጃ ነው።

ጥሪው ከተደረገ በኋላ ምን ይከናወናል?

በወረርሽኝ ጊዜ መረጃ ለመጠየቅም ሆነ ጥርጣሬን ለማሳወቅ ሁለት ነጻ የስልክ መስመሮች አሉ። እነርሱም የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መስመር 8335 እና የጤና ሚኒስቴር መስመር 952 ናቸው። አምቡላንስ በ907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ አገልግሎት ደግሞ በ939 ይጠራል። ቁጥሮቹ በስልክ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በወረቀት ተጽፈው በር ጀርባ ላይ ሊለጠፉ ይገባል፤ ባትሪ ሲያልቅና ልጅ ብቻውን ቤት ሲቀር የሚጠቅመው ወረቀቱ ነውና።

ጥሪውን የሚቀበለው ባለሙያ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው፦ ምልክቱ መቼ ጀመረ? ሕመምተኛው ወደ የት ተጉዟል? ከማን ጋር ተገናኝቷል? ቤቱ የት ነው? በጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖር ሰው የሳይቱን ስም፣ የሕንጻውን ቁጥርና የቤቱን ቁጥር ለይቶ መናገር አለበት። «አያት አካባቢ ነው» የሚል አድራሻ አምቡላንስን አያደርስም።

ጥርጣሬው ተገቢ ሆኖ ከተገኘ ፈጣን ምላሽ ሰጪ ቡድን ይሰማራል፤ ናሙና ተወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፤ ከሕመምተኛው ጋር ንክኪ የነበራቸው ሰዎችም ተለይተው ክትትል ይደረግላቸዋል። የንክኪ ልየታ ዓላማ ጥፋተኛን መፈለግ ሳይሆን ከበሽታው ቀድሞ መድረስ ነው። ስሙን የተጠየቀ ሰው ስም ሲደብቅ፣ የተደበቀው ሰው ዘግይቶ ወደ ሕክምና ይመጣል፤ በሽታውም በቤተሰቡ ውስጥ ይሰፋል። በበሽታው የተያዘን ወይም ከለይቶ ማቆያ የወጣን ሰው ማግለልም ሌሎች ሕመማቸውን እንዲሸሽጉ ስለሚያደርግ የሁሉንም ደኅንነት ይጎዳል።

በየወረዳው የሚገኘው ጤና ጣቢያ ለአብዛኛው ነዋሪ የመጀመሪያው የሕክምና በር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ቤት ለቤት ስለሚዘዋወሩ፣ በየቤቱ ያሉትን አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አስቀድመው እንዲያውቋቸው ማድረግ ይገባል። የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ ግን ቀጠሮ መጠበቅ አያስፈልግም፦

• ለመተንፈስ መቸገር ወይም የማይለቅ የደረት ሕመም፤
• ግራ መጋባት፣ ወይም ከእንቅልፍ ለመንቃት አለመቻል፤
• የከንፈር ወይም የፊት ቀለም መጥቆር፤
• በተደጋጋሚ ተቅማጥና ትውከት ምክንያት የዐይን መጎድጎድና የሽንት መቀነስ።

ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ዳማከሴ በብዙ ቤቶች ለጉንፋን የተለመዱ ናቸው፤ ሆኖም ኦክስጅን ለሚያስፈልገው ሰው ምትክ ሊሆኑ አይችሉም። ሕመምተኛው ባለበት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ ማጠንም ሌላ ሞት ሊያስከትል ስለሚችል ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

የቤተሰብ ዝግጅት

የቤተሰብ ዝግጅት ሀብት አይጠይቅም፤ በጥቂት በጥቂቱ ሊሟላ ይችላል። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

• መድኃኒት፦ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የአስም፣ የኤች.አይ.ቪ. ወይም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢያንስ የሁለት ሳምንት መጠባበቂያ እንዲኖረው ሐኪሙን ማማከር። የታማሚው ካርድና የመድኃኒቱ ስም በአንድ ቦታ ይቀመጥ።
• ውኃ፦ በተለይ ውኃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሰፈሮች ቢያንስ ለሦስት ቀን የሚበቃ ውኃ ክዳን ባለው ንጹሕ ጄሪካን ማስቀመጥ። ንጽሕናው የሚያጠራጥር ውኃ ተፈልቶ ወይም በማከሚያ ታክሞ ይጠጣ።
• የንጽሕና ዕቃ፦ ሳሙና፣ በረኪናና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ። በረኪና ከሌላ ማጽጃ ጋር አይደባለቅም፤ ልጆች ከሚደርሱበት ስፍራም ይርቃል።
• ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.)፦ ቢያንስ ሁለት ፓኬት። አዘገጃጀቱ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መመሪያ መሠረት ይሆናል።
• የመለያ ስፍራ፦ አንድ ሰው ቢታመም የትኛው ክፍል እንደሚሰጠው፣ ማን እንደሚያስታምመውና ሌሎቹ የት እንደሚያድሩ አስቀድሞ መወሰን። ባለ አንድ ክፍል ቤት ከሆነ መስኮት መክፈት፣ አልጋን በመጋረጃ መለየትና አስታማሚውን አንድ ሰው ብቻ ማድረግ ይረዳል።

ይህ ዝግጅት ለአንድ በሽታ ብቻ የሚያገለግል አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) በተከሠተ ጊዜ አስፈላጊ የነበሩት ንጹሕ ውኃ፣ ሳሙናና ቶሎ ወደ ሕክምና መድረስ ነበሩ። በሽታው ይለዋወጣል፤ የቤቱ ዝግጅት ግን በአብዛኛው አንድ ነው።

ዕድርና የሕንጻ ኮሚቴ

ዕድር ሰው ሲሞት ብቻ የሚሰበሰብ ተቋም ሊሆን አይገባም። የአባላት መዝገብ፣ ድንኳን፣ የገንዘብ መጠባበቂያና ከሁሉ የሚበልጥ መተማመን አለው። በቤቱ ተለይቶ ለተቀመጠ ቤተሰብ ምግብና ውኃ በደጃፉ ማድረስ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን በየዕለቱ በስልክ መጠየቅ፣ በወረርሽኝ ጊዜ የለቅሶ ሥርዓት ሰው ሳይጨናነቅ እንዲፈጸም ማድረግ ዕድር ከማንም በተሻለ ሊሠራቸው የሚችላቸው ተግባራት ናቸው። በጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች ደግሞ ኮሚቴው በደረጃው መግቢያ የእጅ መታጠቢያ ማዘጋጀት፣ የደረጃ መደገፊያዎችን ማጽዳትና ለአምቡላንስ መንገድ ክፍት ማድረግ ይችላል።

አዲስ አበባ ይህን የምታስታውስበት ቀን አላት። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የዓለም የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ወደ ከተማዪቱ ገብቶ እጅግ ብዙ ሰው ፈጀ። በሽታው «የኅዳር በሽታ» ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩ ይጠረጋል፣ ቆሻሻውም ተሰብስቦ ይታጠናል። ጭሱ ቫይረስን አይከላከልም፤ ለሳንባ ሕሙማንም ይከብዳል። በቀኑ ውስጥ ያለው ቁም ነገር ግን ትልቅ ነው፦ ሰፈር በአንድነት ወጥቶ ስለ ጤናው የሚያስብበት ቀን ነው። በዚሁ ቀን እያንዳንዱ ቤተሰብ የመድኃኒቱን መጠባበቂያ ቢቆጥር፣ ጊዜው ያለፈበትን ቢለይ፣ በበር ጀርባ የተለጠፉት ቁጥሮች መኖራቸውን ቢያይ፣ ዕድሩም ርዳታ የሚያሻቸውን አባላት ዝርዝር ቢያድስ፣ አባቶች ያቆዩት ልማድ ለዘመኑ የሚመጥን የዝግጁነት ቀን ይሆናል።

መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ሕመምተኛ ከታወቀ ልክ በዓመቱ፣ የኮቪድ-19 ክትባት በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል መሰጠት ጀመረ። ከወረርሽኙ መጀመሪያ አንሥቶ የሞቱት ወገኖች ቁጥር በአገር አቀፍ ደረጃ ከ7,500 በላይ መሆኑ ተመዝግቧል። ክትባት እስኪደርስ ድረስ ያለውን ጊዜ የሚሸፍነው የቤተሰብ፣ የሰፈርና የጤና ባለሙያው የተቀናጀ ሥራ ነው። ይህ ሥራ የሚጀመረውም አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሳይሆን በእያንዳንዱ ቤት፣ ሁሉም ሰው ጤነኛ በሆነበት ቀን ነው።