ቾክ፦ የአንድ ሚሊ ሜትር ክርክር

በራሪ ሳህን የሚተኩሱ ሰዎች ሲሰባሰቡ ወሬያቸው ብዙ ሳይቆይ ወደ ቾክ ይዞራል። የሚከራከሩበትን ነገር ግን በዓይን ለይቶ ማየት ያስቸግራል። ቾክ ማለት የረሽ ጠመንጃ በርሜል አፉ ጋ ሲደርስ የሚጠብባት ያቺ ጥቂት ልክ ናት። 12 ጌጅ የሚባለው የተለመደው ጠመንጃ ውስጡ 18.5 ሚሊ ሜትር ያህል ወርድ አለው፤ ሙሉ የሚሉት ጠባቡ ቾክ ከዚህ ላይ የሚቀንሰው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ግማሽ ቾክ የዚያን ግማሽ፣ ሩብ ቾክ ሩቡን ይቀንሳል። ምንም ያልጠበበው ሲሊንደር ይባላል።

ከአንድ ጥይት የሚወጡት በመቶዎች የሚቆጠሩ የእርሳስ ፍሬዎች መጀመሪያ ተጠጋግተው ይጓዛሉ፤ እየራቁ ሲሄዱ ይበተናሉ። ቾኩ መበተናቸውን ያዘገየዋል፤ ሥራው ይኸው ነው። ጠመንጃ ሠሪዎች ልኩን የሚያውቁት 36.5 ሜትር ላይ በተዘረጋ ወረቀት ላይ ተኩሰው፣ 76 ሴንቲ ሜትር ወርድ ባለው ክብ ውስጥ ስንት ፍሬ እንዳረፈ ቆጥረው ነው። ሲሊንደር ከመቶ 40 ያህሉን ያሳርፋል፤ ሩብ 50፣ ግማሽ 60፣ ሙሉ 70።

ነገሩ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ የመጣ ነው። አሜሪካዊው ሲልቬስተር ሮፐር በ1860ዎቹ የፈጠራ መብት አስመዘገበበት፤ የበርሚንግሃሙ ጠመንጃ ሠሪ ዊልያም ግሪነር ደግሞ በ1870ዎቹ አሻሽሎ በእንግሊዝ አዳኞች ዘንድ አስለመደው። ያኔ ቾኩ በአብዛኛው ከበርሜሉ ጋር አንድ አካል ስለነበር ሰው በገዛው ይኖር ነበር። በ1960ዎቹ ዊንቸስተር እየተፈታ የሚታሰር ቾክ ገበያ ላይ ካዋለ ወዲህ ግን ተኳሹ አምስት ስድስት ቾክ ከነመፍቻው ኪሱ ይዞ ይዞራል። ክርክሩም በዚያው ልክ በዛ።

ምርጫው የሚቀለው ስኪት ላይ ነው። በዚህ ጨዋታ ሳህኖቹ ከግራና ከቀኝ ካሉ ሁለት ቤቶች ተወንጭፈው በተኳሹ ፊት ይሻገራሉ፤ የሚመቱትም 20 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በኦሎምፒክ ደንብ ጥይቱ ከ24 ግራም እርሳስ አይበልጥም፤ ፍሬዎቹ 2 ሚሊ ሜትር ሲሆኑ ከ500 በላይ ይሆናሉ። ለስኪት ተብሎ የሚሠራው ሰፊ ቾክ በዚህ ርቀት ሦስት ሩብ ሜትር ያህል ወርድ ይሸፍናል። ሙሉ ቾክ ያሰረ ሰው ግን 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ያገኛል፤ በስፋት ሲታሰብ የሌላውን ሲሶ አያክልም። ይህን ያህል ቦታ በገዛ እጁ የሚጥል ሰው ምን እንደሚያተርፍ አይገባኝም።

ትራፕ ሌላ ዓለም ነው። ሳህኑ ከተኳሹ 15 ሜትር ፊት ካለ ጉድጓድ ተወንጭፎ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ይሸሻል። ተኳሹ ቃታውን እስኪስብ ከ30 ሜትር አልፏል፤ ሁለተኛው ጥይት ሲደርስበት ደግሞ 40 ሜትር አካባቢ ይሆናል። በዚያ ላይ እየሸሸ ያለ ሳህን የሚያሳየው ጠርዙን ነው፤ 11 ሴንቲ ሜትር የነበረው ዒላማ ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ይወርዳል፤ ጠርዙም ከመሃሉ የጠነከረ ነው። ፍሬዎቹ ከተራራቁ ሳህኑ በመሃላቸው ሾልኮ ይሄዳል። ስለዚህ ለመጀመሪያው በርሜል ሦስት ሩብ፣ ለሁለተኛው ሙሉ ማሰር የተለመደ ነው።

እውነተኛው ጭቅጭቅ ያለው ስፖርቲንግ በሚባለው ዘርፍ ነው፤ አንዱ ሳህን 15 ሜትር ላይ በመሬት ሲንከባለል ሌላው 45 ሜትር ላይ በሰማይ ያልፋል። በየጣቢያው ቾክ የሚፈቱና የሚያስሩ አሉ። ከታላላቆቹ መካከል በሁለቱም በርሜሎች ጠባብ ቾክ የሚያስሩ አሉ፤ ሳህኑ ዱቄት ሆነ ወይስ አንድ ጎኑ ብቻ ተሸረፈ የሚለው ጥይታቸው የት እንዳረፈ ይነግራቸዋል። ይህ ግን አስቀድሞ መምታት ለለመደ ሰው ነው። ለሌላው ሩብና ግማሽ አስሮ መርሳት ይበቃል፤ አብዛኛው ስህተት ከሳህኑ ኋላ መተኮስ ነው፣ ያንን ደግሞ የትኛውም ቾክ አያቃናም።

በእርሳስ ፋንታ የብረት ረሽ የሚተኩስ ሰው ስሌቱን መቀየር አለበት። ብረት ጠንካራ ስለሆነ በርሜል ውስጥ ቅርጹን አያጣም፤ ተጠጋግቶም ይጓዛል። ግማሽ ቾክ ያኔ የሙሉን ያህል ይሰበስባል፤ ከዚያ የጠበበው በርሜሉን ሊጎዳ ስለሚችል ባለሙያዎች አይመክሩትም። ቾኩ ላይ የተቀረጸውንም ጽሑፍ ብቻ ማመን አያዋጣም፤ የበርሜሎች ወርድ ከሠሪ ሠሪ ስለሚለያይ በአንዱ ግማሽ የሆነው በሌላው ሩብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የራስን ጠመንጃ፣ የራስን ጥይት ይዞ ወረቀት ላይ መሞከር ነው።

ቾክ የሚፈታው ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ቾክ ሳይታሰር ከተተኮሰ የበርሜሉ ጥርስ በባሩድ ጥላሸትና በእርሳስ ይሞላል፤ ላልቶ ሳለ ከተተኮሰ ደግሞ ቾኩም በርሜሉም ሊበላሹ ይችላሉ።