የወረዳው ፖሊስ አዛዥ፤ ሥራው፣ ዘመዱና ቤቱ

የወረዳ ፖሊስ አዛዥ በአንድ ወረዳ ያለውን የፖሊስ ኃይል የሚመራ መኮንን ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ እንዲያቋቁሙና እንዲያስተዳድሩ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። በአማራ ክልል ከላይ ኮሚሽኑ፣ ቀጥሎ የዞን መምሪያው፣ ከሥሩ የወረዳ ጽሕፈት ቤቱ አለ። በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከቀየት እስከ ግሼና መርሃ ቤቴ፣ አዛዦቹ የሚቀመጡት እንደ ሞላሌ፣ መሐል ሜዳ፣ ዘመሮ፣ ራቤልና ዓለም ከተማ ባሉ ከተሞች ነው። ስለ ፖሊስ ብዙ የሚወራው በትልልቅ ከተሞች ስላለው ነው። የወረዳው አዛዥ ግን ያሠረውን ሰው እናት በማግስቱ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚያገኝ፣ ጥፋተኛውንም ተበዳዩንም በስማቸው የሚያውቅ መኮንን ነው፤ ከሁሉም ይልቅ የተዘነጋውም እሱ ነው።

የዚሁ ደጋ ክፍል የሆነው መንዝ፣ ፖሊስ ከመምጣቱ በፊት፣ ሥርዓቱን የሚያስከብረው በዘመድና በጎረቤት ነበር። ወንጀል ሲፈጸም ጭቃ ሹሙ ያገሩን ሰው ሰብስቦ አውጫጭኝ ያስቀምጣል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ሥራው አይበተንም። የተጣሉ ሰዎች «በሕግ አምላክ!» ከተባሉ ዱላቸውን አውርደው ወደ ዳኛ መሄድ ግዴታቸው ነበር፤ ከሳሽና ተከሳሽ ቁራኛ ታስረው የሚከርሙበትም ጊዜ ነበር። ከመሐል ሜዳ አጠገብ ያለው የጓሳ ሣር ምድር የሚጠበቀውም በዚሁ መንገድ ነበር። ቄሮ በተባለው ሥርዓት አባል የሚሆነው ከቀደምት አባቶቹ ከአስቦና ከጌራ እወለዳለሁ የሚል ሰው ነበር፤ ሣሩ ለዓመታት ተከልሎ ይቆይ ነበር፣ የተመረጡት ሹማምንት ቀን ቆርጠው እስኪከፍቱት ድረስ ማጭድ ይዞ የገባ ከባድ ቅጣት ይጠብቀው ነበር። ይህ ጥበቃ የተዳከመው በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት ሲሽር ነው።

ዘመናዊው ፖሊስ የመጣው በሌላ በር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የአራዳ ዘበኛ ቀድሞ ተቋቁሞ ነበር፤ በሕግ የተደራጀ አገር አቀፍ ፖሊስ የቆመው ግን ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የፖሊስ ኃይል አዋጅ ነው። በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበራት ፍርድ ሸንጎና አብዮት ጥበቃ ከፖሊስ ጎን ቆሙ። ዛሬ በየቀበሌው ያለው ሚሊሻ የአዛዡ ዓይንና እግር ነው፤ ከሩቅ ቀበሌ ተጠርጣሪን ይዞ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

የዕለት ሥራው ሲታይ ተራ ነው። ተረኛው የዕለት ሁኔታ መዝገቡን ያቀርባል፤ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደተያዘ፣ በስንት ሰዓት። ከዚያ መርማሪዎች መዝገብ ይከፋፈላሉ። የበግ ስርቆት፣ የድንበር ግፊያ፣ የግጦሽ ጠብ፣ በጠላ ቤት የተነሣ ድብድብ አይጠፋም። መንዝ የበግ አገር ነውና መርማሪው የጆሮ ቅድ ምልክት ማንበብ ካላወቀ በገበያ የተያዘን በግ ለባለቤቱ መመለስ ይቸግረዋል። ይህን ዕውቀት የሚያገኘው ከፖሊስ ማሠልጠኛ ሳይሆን ከእረኛ ነው።

ስለ አዛዡ ሥልጣን ከሁሉ የበለጠ የተሳሳተው እምነት ማሠርና መፍታት የእሱ ፈቃድ ነው የሚለው ነው። ባለጉዳይ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ «እሰርልኝ» ይላል፤ የታሳሪ ወገን ደግሞ «ፍታልኝ» እያለ ሽማግሌ ይልካል። ሁለቱም የሚለምኑት አዛዡ የሌለውን ነገር ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ከዚያ በኋላ ሰውየውን በእሥር የሚያቆየው ወይም በዋስ የሚለቀው ዳኛው ነው። ፖሊስ ምርመራው አላለቀም ካለ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 59 መሠረት ዳኛው በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም። መዝገቡ ሲያልቅም የሚከሰው ፖሊሱ ሳይሆን ዐቃቤ ሕጉ ነው።

የ48 ሰዓቱ ነገር በደጋው አገር የራሱ ታሪክ አለው። የ1954ቱ ሕግ ቁጥር 29 ፖሊስ የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ካልሆነም የአካባቢው ሁኔታና መገናኛው እንደፈቀደ በፍጥነት እንዲያቀርብ ያዛል። ያ «እንደፈቀደ» ሰፊ በር ነበር፤ መንገድ ጠፋ፣ ወንዝ ሞላ፣ መኪና አልተገኘም ማለት ይቻል ነበር። ሕገ መንግሥቱ በሩን አጠበበው። ከ48 ሰዓቱ የሚቀነሰው ሰውየው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚወስደው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ በጀማና በወንጪት ገደል ለሚሄድ ሰው ግን ትልቅ ነው። ከቆላው ቀበሌ የተያዘ ተጠርጣሪ ዳገቱን ሲወጣ የፈጀበት ጊዜ አይቆጠርም፤ ጣቢያ ከደረሰ በኋላ መርማሪው ለቅሶ ስለሄደ የባከነው ግን ይቆጠራል። ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራሉ፤ ሕገ መንግሥቱ የዕረፍት ቀን አልቀነሰም። ጥንቁቅ አዛዥ ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ሁለት ሰዓት ያስጽፋል፤ ሰውየው የተያዘበትንና ጣቢያ የደረሰበትን። አንዱን ብቻ የሚጽፍ ጣቢያ ሰነፍ ጣቢያ ነው። የተያዘው ሰው ዘመዶችም ከልመናቸው በፊት ስለ ሰዓቱ ቢጠይቁ ይበጃቸዋል፤ ሰዓቱ ካለፈ ፍርድ ቤት ቀርቦ «አካሌ ይለቀቅ» ማለት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተሰጠ መብት ነው።

አዛዡ በእርግጥ የራሱ የሆነ ትንሽ ሥልጣን አለው። ወንጀሉ ጽኑ እሥራት የማያስቀጣ ከሆነ ወይም መፈጸሙ ካጠራጠረ፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 28 መርማሪው ተጠርጣሪውን በዋስ ወረቀት እንዲለቀው ይፈቅዳል። ቤት ለመፈተሽ ደግሞ በመርሕ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል፤ ፍተሻውም ፍርድ ቤት በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ የታወጀው ዓይነት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲኖር አያያዙ ይለወጣል፤ እዚህ የተገለጸው መደበኛው ሕግ ነው።

የመንዝ አዛዥን ሥራ ከሌላው የሚያከብደው ዘመድ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ መንዝ ተቀምጦ ያጠናው አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ የመንዜን ኑሮ በሰፊው ጽፏል። ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ስለነበር፣ ጋብቻም ሰባት ቤት ተቆጥሮ ስለሚከለከል፣ ሰው ዘሩን አርቆ ያውቃል። የአገሩ ተወላጅ የሆነ አዛዥ ከባለጉዳዮቹ ውስጥ ብዙዎቹ የሥጋ፣ የጋብቻ ወይም የክርስትና ዘመዶቹ ናቸው። አዛውንቶች በማዕረጉ አይጠሩትም፤ «አንተ የእገሌ ልጅ፣ አባትህን እኮ አውቀዋለሁ» ብለው ይጀምራሉ። ከሌላ አገር የመጣ አዛዥ ይሻላል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ዘር መቁጠር የማይችል አዛዥ ማን ከማን ጋር እንደተቃቃረ ሳያውቅ ሁለት ባለደሞችን በአንድ ክፍል ሊያሥር ይችላል። ዘመድነት አደጋ የሚሆነው ሲደበቅ ነው። መዝገቡ የራሱን ወገን ሲነካ አዛዡ ምክንያቱን አስጽፎ ጉዳዩን ለምክትሉ ወይም ለዞኑ ቢለቅ ወገኑም ባላጋራውም ያከብሩታል።

ከሚያስተናግዳቸው ጉዳዮች ከባዶቹ በቤተሰብ ውስጥ የሚነሡት ናቸው። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ሴት ካገባት ክሱ ይቀርለት ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን ሰርዞ ለጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ደነገገ። የጋብቻ ዕድሜ በክልሉ የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ነው፤ ከ13 ዓመት በታች ያለችን ልጅ ያገባ እስከ 7 ዓመት፣ 13 ዓመት የሞላትን ያገባ እስከ 3 ዓመት ይቀጣል። ሕጉ ተለወጠ እንጂ ሽማግሌው አልተለወጠም፤ ዛሬም «ልጆቹን አስታርቀናልና መዝገቡን ዝጋ» የሚል ይመጣል። የገዛ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክ አዛዥ የመምህራኑን ጥቆማ በጊዜ ይሰማል፤ ሠርግ ከተደገሰ በኋላ ከመድረስ ቀድሞ መድረስ ይሻላልና።

የደም ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ሰው ሲገደል የሟች ወገን ይሸፍታል፣ የገዳይ ወገን ይሰደዳል፤ ሽማግሌዎችና ካህናት ገብተው እርቅ ካላወረዱ ደሙ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 በሃይማኖትና በባህል መዳኘትን ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ይቀበላል፤ የነፍስ ግድያ ግን ከዚያ ውጭ ነው። ስለዚህ እርቅ ወረደ ተብሎ ክስ አይቀርም። ይህን ያወቀ ወገን ቶሎ ሽምግልናውን ይተዋል፤ ይህም ስሕተት ነው። ፍርድ ቤት ገዳዩን ይቀጣል እንጂ የወንድሙን ነፍስ ከበቀል አያድንም። የተከፈለ ካሳና እውነተኛ ጸጸትም በወንጀል ሕጉ ቁጥር 82 ቅጣት ያቀላል። ብልህ አዛዥ ተጠርጣሪውን ለሕግ እያቀረበ ሽማግሌዎቹን ደግሞ ወደ ሁለቱ ቤቶች ይልካል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

የአዛዡ ቤት ከሥራው የተለየ አይደለም። ሚስቱ ገበያ ስትወጣ በግ የሰረቀው ሰው እኅት ቅቤ ትሸጥላታለች፤ ልጆቹ ከእሥረኛው ልጆች ጋር አንድ ክፍል ይማራሉ። ጉቦም በቢሮ በር አይገባም። «ለልጆቹ» ተብሎ ሙክት በጓሮ ይታሠራል፣ «ለእመቤቲቱ» ተብሎ ባና ይላካል። በሕግ ሰጪውም ተቀባዩም ይጠየቃሉ፤ በተግባር ግን ሙክቱን የምትመልሰው ሚስት ከብዙ ደንብ ትበልጣለች። ቤቱን የሚወድ አዛዥ ለዚህ ነው ለሥራው የሚበጀው፤ ልጆቹ ነገ እዚያው ከተማ የሚኖሩ ናቸውና ስማቸውን ለአንድ ሙክት አይለውጥም። እድሩንና ማኅበሩን አይተውም፣ ለቅሶ ይደርሳል፤ እዚያ ግን ስለ መዝገብ የሚያነሣበትን «ጠዋት ቢሮ» ብሎ መሸኘት ይጠበቅበታል። ለቅሶ ቤት ጉዳይ ይዞ የሚመጣ ሰው ጉዳዩንም ለቅሶውንም ያበላሻል።

አዛዥ በዝውውር ይሄዳል። ዝውውሩ በትምህርት ዘመን መካከል ከመጣ ሚስትና ልጆች ወደኋላ ይቀራሉ፤ አዛዡ አዲሱ ከተማ ላይ ቤት ተከራይቶ ለብቻው ይከርማል። ከመሄዱ በፊት ለተተኪው የሚያስረክበው የጦር መሣሪያ፣ ኤግዚቢት፣ ያላለቁ የምርመራ መዝገቦችና በእጁ ያሉ ተጠርጣሪዎች ናቸው። በርክክቡ ሰነድ ላይ የእያንዳንዱ ተጠርጣሪ የተያዘበት ሰዓትና የቀጠሮ ቀን መስፈር አለበት፤ አዛዥ ሲቀየር ሰዓቱ አይቆምምና።