ትልልቅ የብራና ምስሎችን በቴክስት ኤዲተር ውስጥ ስለ ማሳየት

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር ትንሽ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን የብራና መጽሐፍ ከምስል እያነበበ በኮምፒዩተር የሚገለብጠውን ተማሪ ሁሉ የሚያስቸግር ነው። ይኸውም ስካን የተደረገ ገጽ በቴክስት ኤዲተር፥ ማለት በጽሑፍ ማዘጋጃው ፕሮግራም ውስጥ፥ ከሚጻፈው ቃል ጐን ሲከፈት ኮምፒዩተሩ ስለ ምን ይዘገያል? እንዳይዘገይስ ምን ማድረግ ይቻላል? የሚለው ጥያቄ ነው።

መዘግየቱ ትዕግሥትን ብቻ የሚፈትን ቢሆን ኖሮ ባልጻፍንበትም ነበር። ዳሩ ግን ምስሉ እስኪመጣ የሚጠብቅ ዐይን መሥመሩን ይስታል፤ ሁለት መሥመሮች በአንድ ቃል የሚጨርሱ የሆነ እንደ ሆነም ከፊተኛው ወደ ኋለኛው ዘሎ በመካከል ያለውን ይተወዋል። ይህ የቀድሞዎቹ ጸሐፊዎችም ስሕተት ስለ ነበረ በእኛ አልተጀመረም። የባሰው ጕዳት ግን ሌላ ነው። ፍጥነት እናገኛለን ብለን ምስሉን አሳንሰን ባነበብን ጊዜ ፮ን ፯ ብለን ገልብጠን፥ የአንድ የመሬት ስጦታ ዘመን በአንድ ዓመት አዛብተን ኖሯል፤ ይህንንም ያወቅነው በኋላ ከዋናው ምስል ጋር ስናስተያየው ነው። «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው የቅጥሉ ቦታ ብቻ መሆኑን ያስታወሰ ሰው፥ ያነሰ ምስል ምን ያህል እንደሚያሳስት ይረዳዋል።

አስቀድመን መጠኑን እንቍጠር። አንድ የኤ4 ገጽ በኢንች 300 ነጥብ ስካን ሲደረግ ወርዱ 2,480 ቁመቱ 3,508 ፒክሰል ይሆናል፤ ሁለቱ ሲባዙ 8,699,840 ነው። ፋይሉ በጄፔግ ታሽጎ በዲስክ ላይ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ሊሆን ይችላል። በመስኮት ላይ ለመታየት ግን እሽጉ መፈታት አለበት፤ በተፈታም ጊዜ ለእያንዳንዱ ፒክሰል 4 ባይት ቢያዝለት 35 ሜጋባይት ያህል ሜሞሪ ይፈጃል። ስካኑ በኢንች 600 ነጥብ ከሆነ አራት እጥፍ፥ ማለት 139 ሜጋባይት ይደርሳል። ወርዱ 1,920 ቁመቱ 1,080 የሆነ መስኮት ግን በጠቅላላው ከ2,073,600 ፒክሰል በላይ ማሳየት አይችልም። እንግዲህ ከዚያ ትልቅ ገጽ ዐይናችን በአንድ ጊዜ የሚያየው ከአሥራ ሰባት እጅ አንዱን ነው፤ የቀረው ሁሉ የተፈታው በከንቱ ነው።

ለምሳሌ የምንወስደው ኢማክስ የተባለውን ኤዲተር ነው፤ ምክንያቱም በውስጡ የሚሠራውን ሁሉ ማንም ሰው ከፍቶ ለማየት ይችላል። ኢማክስ ምስልን የሚመለከተው እንደ አንድ በጣም ረዥም ፊደል ነው። አንድ ሙሉ ገጽ ለእርሱ አንድ ፊደል፥ ያ ፊደል ያለበትም ስፍራ አንድ መሥመር ነው። ጽሑፍን በየመሥመሩ ማንሸራተት የለመደ ፕሮግራም እንዲህ ያለ መሥመር ሲገጥመው ወይ ዘሎት ይሄዳል፥ ወይ ይንገዳገዳል። ፕሮግራሙ ጠባቂዎች አሉት፤ ነገር ግን ለዚህ ጕዳይ የተሠሩ አይደሉም። ከ10,000,000 ባይት የሚበልጥ ፋይል ሲከፈት ይጠይቃል፤ ይሁን እንጂ የሚመዝነው እሽጉን እንጂ የተፈታውን ስላልሆነ የእኛ ጄፔግ ያለ ጥያቄ ያልፋል። አንድ ጊዜ የፈታውንም ምስል በመስኮት ላይ ካልታየ በኋላ እስከ 300 ሴኮንድ ድረስ በሜሞሪ ያቆየዋል። ይህ ለትንንሽ ሥዕል መልካም ልማድ ነው፤ ሃያ ገጽ በፍጥነት ለሚገልጥ አንባቢ ግን ሸክም ይሆናል።

በ2009 (እ.ኤ.አ.) በወጣው በ23ኛው ዕትም ዶክቪው የሚባል ክፍል ተጨምሮለታል። ይህ ክፍል የፒዲኤፍን ገጾች አስቀድሞ ወደ ፒኤንጂ ምስል እየለወጠ በዲስክ ላይ ያስቀምጣል። ያልተለወጠ ልኩ ግን በኢንች 100 ነጥብ ስለ ሆነ ለታተመ መጽሐፍ እንጂ ለብራና አይበቃም፤ ልኩን ከፍ ሲያደርጉት ደግሞ ወደ ቀድሞው ሸክም መመለስ ነው።

እኛም በመጀመሪያ የሞከርነው ምስሉን በኢማክስ ትእዛዝ ወደ ብዙ ቍራጭ መከፋፈል ነበር። ማንሸራተቱ ወዲያው ለሰለሰ፤ ችግሩም ያለቀ መሰለን። ሜሞሪውን ስንመለከተው ግን ምንም አልቀነሰም። ነገሩ ኋላ ገባን፤ ቍራጮቹ ሁሉ የሚያመለክቱት ወደ አንዱ ሙሉ ምስል ነው። መስኮቱን እንጂ ቤቱን አልከፋፈልነውም ነበር።

ከዚህ በኋላ ሐሳባችንን ለወጥን። ኤዲተሩ የሚያስበው በመሥመር ከሆነ፥ ምስሉንም በመሥመር ማቅረብ ይሻላል። ኢማክስ ምስልን የሚፈታው በመስኮት ላይ የሚታይበት ጊዜ ሲደርስ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የብራና መሥመር ለብቻው ፋይል ሆኖ ከሚገለበጠው ቃል በላይ ቢቀመጥ፥ የሚፈታው በፊታችን ያለው ብቻ ይሆናል። በሁለት ዐምድ በየዐምዱ 25 መሥመር ያለው ገጽ እንውሰድ። አንዱ መሥመር ከላይና ከታች መደራረቢያውን ጨምሮ ወርዱ 1,000 ቁመቱ 130 ፒክሰል ያህል ቢሆን፥ ሲፈታ 520,000 ባይት ነው። አሥራ ሁለት መሥመር በአንድ ጊዜ ቢታይ ከስድስት ሜጋባይት ጥቂት ይበልጣል። ከሁሉ የሚሻለው ጥቅም ግን ሜሞሪው አይደለም፤ ፊደሉ በሙሉ መጠኑ ሳይደበዝዝ ከገለበጥነው ቃል አንድ ጣት ርቀት ላይ ይቆማል፤ ዐይንም የሚዘልበት ሌላ መሥመር አያገኝም።

መደራረቢያ ያልነው እንዲሁ የተጨመረ አይደለም። ጸሐፊው የረሳውን ፊደል በመሥመሮች መካከል አሳንሶ ስለሚጽፈው፥ በልክ የተቈረጠ መሥመር ያንን እርማት ይቀጨዋል። ድጓን የመሰለ ዜማ ያለበት መጽሐፍ ሲሆን ምልክቱ ከፊደሉ በላይ ስለሚጻፍ አለመቍረጥ ይሻላል ባዮች ነን። እንዲህ ላለው ገጽ የሚስማማው ሌላው መንገድ ነው፤ ይኸውም ምስሉን ወርዱና ቁመቱ 256 በሆነ ሰድር መከፋፈልና፥ ከዚያም በግማሽ፥ በሩብ እያሳነሱ በደረጃ ማስቀመጥ ነው። አንድ አራተኛ፥ ደግሞ የዚያ አንድ አራተኛ እየተባለ ቢደመር ትርፉ ከዋናው ሢሶ አይበልጥም። ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ምስሎቻቸውን በኢንተርኔት የሚያሳዩት በዚሁ ዘዴ ነው። መሥመር ለሚቈርጥም ሰው ቢሆን፥ ሙሉው ገጽ በሩብ ልክ፥ ማለት በ620 በ877 ፒክሰል፥ በጐን ቢከፈት 2 ሜጋባይት ያህል ብቻ ስለሚፈጅ የሐረጉንና የኅዳጉን ሁኔታ ለማየት ይጠቅማል።

ስለ ፋይሉ ዓይነት አንድ ነገር እንበል። ዴጃቩ የሚባለው አስተሻሸግ ቀለሙን ከወረቀቱ ለይቶ ስለሚይዝ ለታተመ መጽሐፍ እጅግ ቀላል ነው፤ በብራና ላይ ግን የደበዘዘውን ፊደል እንደ እድፍ እንዳይቈጥርብን እንፈራለን። ፍርሀታችን መሠረት የሌለው አይደለም። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ዴቪድ ክሪዘል የሚባል ጀርመናዊ የኮምፒዩተር ሊቅ፥ አንዳንድ የስካን መኪናዎች ተመሳሳይ ቅርጾችን በአንድ ቅርጽ ስለሚተኩ 6ን 8 እያደረጉ እንደሚገለብጡ አሳይቷል። ምስሉ ጥርት ብሎ ይታይ ስለ ነበረ ማንም አልተጠራጠረም። ስለዚህ መሥመሮቹን ያስቀመጥነው ምንም በማይጥለው በፒኤንጂ ነው፤ በዲስክ ላይ ቦታ ቢበዛም።

የቀረው ድካም መቍረጡ ነው። ብራና ሲጨማተር መሥመሩ ስለሚጐብጥ ኮምፒዩተሩ ለብቻው በትክክል አያገኘውም፤ እያንዳንዱን ገጽ በዐይን መመልከት ግድ ሆነብን። የየመሥመሩን ራስና ግርጌ የሚያመለክቱትን ቍጥሮች ግን በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል መዝግበናቸዋል። ዋናው ምስል ሳይነካ ይቀመጣል፤ መሥመሩ ተቀጭቶ ሲገኝ ቍጥሩን በዚያው ኤዲተር ለውጦ እንደ ገና መቍረጥ ነው።