አውቶማቲክ ማሽከርከሪያ ከአቅሙ ሲጎድል የአሽከርካሪው ድርሻ ምንድን ነው?

በካሜራ፣ በራዳርና በኮምፒውተር እየታገዙ የሚጓዙ ተሽከርካሪዎች መሣሪያቸው ሙሉ በሙሉ ሲቋረጥ አሽከርካሪው ወዲያውኑ ያውቀዋል። አሳሳቢው መሣሪያው ከአቅሙ ከፊሉን ብቻ ሲያጣ ነው። የመንገድ መስመር ሲደበዝዝ ወይም የፀሐይ ነጸብራቅ ካሜራውን ሲጋርደው መሪውን የሚያግዘው ክፍል ሥራውን ሊያቆም፣ ፍጥነቱን የሚጠብቀው ክፍል ግን ሊቀጥል ይችላል። በዚህን ጊዜ አሽከርካሪው ፍጥነቱ እንዳልተለወጠ በማየት ሁሉም እንደነበረ ነው ብሎ ይዘናጋል።

እ.ኤ.አ. በማርች 2018 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ማውንቴን ቪው ከተማ የደረሰው አደጋ ለዚህ ማሳያ ነው። አንድ የቴስላ ተሽከርካሪ በማሽከርከር አጋዥ መሣሪያው እየተመራ ከረድፉ ወጥቶ ከመንገድ መከፋፈያ ጋር በመጋጨቱ የአሽከርካሪው ሕይወት አልፏል። የአገሪቱ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ፣ ከግጭቱ በፊት በነበሩት 6 ሰከንዶች የአሽከርካሪው እጅ መሪው ላይ እንዳልነበረና ትኩረቱም በስልክ ጨዋታ ሳይወሰድ እንዳልቀረ አረጋግጧል። ጥፋቱ ግን የመሣሪያውና የአሽከርካሪው ብቻ አልነበረም። በመከፋፈያው ጫፍ የሚገኘው የግጭት ማብረጃ ቀደም ሲል በሌላ አደጋ ተጎድቶ በወቅቱ ባለመጠገኑ ጉዳቱን እንዳባባሰውም ቦርዱ ገልጿል። የመንገድ ጥገና ኃላፊዎች ይህን ነጥብ ልብ ሊሉት ይገባል።

የብሪታኒያው ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት የሲሙሌተር ጥናት፣ አሽከርካሪዎች መሪውን መልሰው ለመረከብ ከ1 ነጥብ 9 እስከ 25 ነጥብ 7 ሰከንድ ወስዶባቸዋል። እጅ ቶሎ ይመለሳል፤ በዙሪያ ያለውን ሁኔታ መገንዘብ ግን ጊዜ ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 157 ይህንኑ ከግምት ያስገባ ነው። በደንቡ መሠረት መሣሪያው አሽከርካሪው እንዲረከበው ጥሪ ካሰማ በኋላ ቢያንስ 10 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ምላሽ ካላገኘ የአደጋ መብራት አብርቶ ፍጥነቱን በመቀነስ ይቆማል። ከባድ ብልሽት ካጋጠመ ግን ወዲያውኑ ወደዚሁ እርምጃ ሊገባ ይችላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ተሽከርካሪ 10 ሰከንድ 167 ሜትር ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገው ማሻሻያ በተፈቀደው የ130 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ደግሞ ርቀቱ ከ360 ሜትር ያልፋል።

ይህ የጊዜ ዋስትና ግን በማሽከርከር አጋዥነት ብቻ ለተሠሩት መሣሪያዎች አይሠራም። እነዚህ ያለ በቂ ማስጠንቀቂያ ሊቋረጡ ስለሚችሉ አሽከርካሪው ከመነሻው እስከ መድረሻው ዓይኑን ከመንገዱ፣ እጁንም ከመሪው ማራቅ የለበትም።