የአሉሚኒየም ቸርኬ ከመግጠም በፊት
እህል የሚያመላልሱት እንደ አይሱዙ ያሉ የጭነት መኪኖች ከኋላ በየጎኑ ጥንድ ጎማ አላቸው። የአሉሚኒየም ቸርኬ ከብረቱ ይቀላል፤ አይዝግም። ኾኖም ወፍራም በመኾኑ ነባሩ ብሎን ሊያጥረው ይችላል፤ ዳዶው በጥቂት ጥርስ ብቻ ከተያዘ ጎማው እስከ ጭነቱ በጉዞ ላይ ሊወልቅ ይችላል። ስለዚህ ከማማሩ በፊት የብሎኑ ርዝመት፣ የቀዳዳዎቹ ልክ እና የቸርኬው የመሸከም አቅም ሊታይ ይገባል። ዳዶዎቹ ፊት ለፊት እየተፈራረቁ ይጠብቃሉ፤ ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም እንደገና ይፈተሻሉ።

በጥንዱ መካከል የተሰነቀረ ድንጋይ ይውጣ፤ ከዕይታ ስለሚሰወር የሚረሳው የውስጠኛው ጎማ ንፋስም ከውጭኛው እኩል ይኹን። የተሰነጠቀ የአሉሚኒየም ቸርኬ በብየዳ አይታመንም፤ ሙቀቱ ጥንካሬውን ስለሚያሳጣው መቀየር አለበት። በጠጠር መንገድ ለሚውል መኪና የብረቱ ቸርኬም ቢኾን አያሳፍርም።