የሰዋስው መሰላልና የስዊስ ጀርመንኛ ምስክርነት

«ሰዋስው» የሚለው ቃል በግዕዝ መሰላል ማለት ነው። ኖኣም ቾምስኪ የተባለው አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ በ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በ1959 ዓ.ም. በፈጸመው ጥናት (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) የሰዋስውን ዐይነቶች እንደ ኀይላቸው ከታች ወደ ላይ ስለ ደረደራቸው፥ የእኛ ቃል ለነገሩ የተስማማ ሆኖ አግኝተነዋል።

ከታች ሁለተኛው እርከን «ከዐውድ ነጻ የሆነ ሰዋስው» ይባላል። ሕጉ ቀላል ነው፤ ዐረፍተ ነገር ማለት ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጽ ነው፥ ባለቤት ማለት ስም ወይም ቅጽልና ስም ነው፥ እያለ አንዱን ክፍል በሌሎች ይተካል። ሲተካም ጎረቤቱ ማን እንደ ሆነ አይጠይቅም፤ ነጻ መባሉም ስለዚህ ነው።

ኀይሉን ለማየት ከቢሯችን ርቆ መሄድ አያስፈልግም። «ዳይሬክተሩ፥ ጸሐፊዋ፥ ተላላኪዎቹ ደብዳቤውን እንዳደረሱ እንዳመነች ተናገረ» ብንል፥ አነጋገሩ ቢከብድም አማርኛነቱን የሚክድ የለም። «እንዳደረሱ» የሚለው ኋላ የተጠሩትን ተላላኪዎች ይፈልጋል፤ «እንዳመነች» ጸሐፊዋን፤ «ተናገረ» ደግሞ በመጀመሪያ የተጠራውን ዳይሬክተር። ነገሩ በመሶብ እንደ ተደራረበ እንጀራ ነው፤ ኋላ የገባው አስቀድሞ ይነሣል። የዚህ ሰዋስው ትዝታ እንዲህ ያለ መሶብ ነው። ጥልቀቱ ወሰን የለውም፤ እጅ የሚደርሰው ግን ከላይ ያለውን ብቻ ነው።

ለኮምፒዩተር ቋንቋ ይህ እጅግ ጠቃሚ ሆነ። ጆን ባከስ በ1959 ዓ.ም. ያቀረበውን አጻጻፍ ፒተር ናውር አሻሽሎት፥ በ1960 ዓ.ም. የአልጎል ቋንቋ አገባብ በዚሁ ዐይነት ሕግ ተጻፈ።

የሰው ቋንቋስ? ብዙ ሊቃውንት «አይበቃውም» ሲሉ ማስረጃ አቀረቡ፤ ሌሎችም እንደ ተፈጸመ ነገር ደገሙት። በ1982 ዓ.ም. ጄፍሪ ፑለምና ጀራልድ ጋዝዳር ማስረጃዎቹን አንድ በአንድ መርምረው፥ ገሚሶቹ የሒሳብ፥ ገሚሶቹ የቋንቋ ስሕተት እንዳለባቸው አሳዩ። ድምዳሜው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃው ግን ማስረጃ አልነበረም። ከታሪኩ ሁሉ እኛን ደስ ያሰኘን ይህ ክፍል ነው። ሁሉ የተስማማበትን ጉዳይ መዝገቡን ገልጦ የሚያይ ሰው በቢሮም በትምህርት ቤትም ጥቂት ነውና።

መልሱ በ1985 ዓ.ም. ከስዊስ ጀርመንኛ መጣ። ይህ ስዊሶች በቤትና በገበያ የሚነጋገሩበት ነው፤ ለጽሕፈት በብዛት የሚሠሩት በመደበኛው ጀርመንኛ ነው። ስቱዋርት ሺበር የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ተናጋሪዎቹን እየጠየቀ አነጋገሩን መረመረ። «ልጆቹ ሃንስ ቤቱን ሲቀባ እንዲረዱት ፈቀድን» ለማለት፥ ቃል በቃል ብንመልሰው፥ «እኛ ልጆቹን ለሃንስ ቤቱን ፈቀድን መርዳት መቀባት» ይላሉ። የመጀመሪያው ስም ከመጀመሪያው ግሥ፥ ሁለተኛው ከሁለተኛው ይጣመራል። «መፍቀድ» ስሙን ተሳቢ አድርጎ ይይዛል፤ «መርዳት» ግን «ለ»ን የመሰለ ምልክት የያዘ ስም ካልሆነ አይቀበልም። ስለዚህ ጥምረቱ ከምልክቱ ይታወቃል፤ ቢዛነፍ ዐረፍተ ነገሩ ይበላሻል።

እዚህ ላይ የመሶቡ ሥርዐት ፈረሰ። ይህስ በመስኮት ፊት ተሰልፎ ተራውን እንደሚጠብቅ ባለጉዳይ ነው፤ አስቀድሞ የመጣ አስቀድሞ ይስተናገዳል። ከመሶብ የታችኛውን ለማውጣት የላዩን ሁሉ ማንሣት ግድ ነው፤ ያን ጊዜ ኋላ የገቡት ስሞች ምልክት ይጠፋል። ሺበር ይህንኑ በሒሳብ አስረዳ።

«ሃያ ግሥ ደርድሮ የሚናገር ማን አለ?» የሚል ተቃውሞ አለ። ሕግ የሚመዘነው በሚፈቅደው ነገር እንጂ በተናጋሪ ትንፋሽ ርዝመት ስላልሆነ፥ እኛ አልተቀበልነውም።

ታዲያ ወደ ሦስተኛው እርከን እንውጣ ቢባል ድካሙ ከመጠን ያለፈ ነው። በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው የህንድ ተወላጅ አራቪንድ ጆሺ ከባልደረቦቹ ጋራ በ1975 ዓ.ም. ያወጣው ሰዋስው ግማሽ እርከን ብቻ ከፍ ይላል። የአንዱን ዐረፍተ ነገር ዛፍ ከመካከል ከፍቶ ሌላ ዛፍ ያስገባበታል፤ የስዊሶቹንም ተራ ያስተናግዳል። ይህም ያለ ዋጋ አልተገኘም። በተለመዱት ዘዴዎች የዐረፍተ ነገሩ ርዝመት እጥፍ ሲሆን፥ ከዐውድ ነጻ በሆነው ሰዋስው የመተንተኑ ድካም እስከ 8 እጥፍ፥ በጆሺ ግን እስከ 64 እጥፍ ይደርሳል።

ይህ ግማሽ እርከንስ ይበቃልን? በ1997 ዓ.ም. ዬንስ ሚካኤሊስና ማርኩስ ክራኽት የጥንቱን የጆርጂያ ቋንቋ ጠቅሰው አይበቃም ሲሉ ተከራከሩ። በዚያ ቋንቋ የባለንብረቱ ስም የራሱን ምልክት ብቻ ሳይሆን የበላዮቹንም ምልክት ይደራርባል። ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ ማስረጃው ለዚህ አያደርስም አሉ። በስዊስ እንደ ተደረገው ተናጋሪውን ጠርቶ መጠየቅ አልተቻለም፤ የጥንቱን ጆርጂያኛ በእናት ቋንቋነት የሚናገር ሰው ካለፈ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል።