አምፖሉ በራ ብላችሁ አትሸወዱ

ጠጋ በሉ። ይህ ሳይት ላይ ጮክ ተብሎ አይወራም።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አፓርታማ ለርክክብ ሲደርስ ቀለሙ ገና ይሸታል። ፎርማኑ ማብሪያውን ጠቅ ያደርጋል፤ ሳሎኑ ቦግ ይላል። «ይኸው፣ ሁሉም ይሠራል!» ገዢው ደስ ይለዋል። እኛ ተቆጣጣሪዎቹ ግን አምፖሉን ቀና ብለን እንኳ አናይም። 10 ዋት አምፖል በየትኛው ሽቦ አትበራም? የአንድ አምፔር ሃያኛ እንኳ አትስብም። ጉድ የሚያወጣው ምጣድ ነው። 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ ያን ጊዜ የላላው ማያያዣ ይግላል፣ የቀጠነው ሽቦ ልባሱ ይለሰልሳል።

ትልቁ ሚስጥር ግን እሱ አይደለም። አረንጓዴና ቢጫዋ ሽቦ ነች። ግራውንዷ። የት እንደምትጠፋ ልንገራችሁ?

ነገሩ የሚጀምረው ሶሌታ ሊሞላ ሲል ነው። ፌሮው ታስሯል፣ ኮንዲዊቱ ተዘርግቷል፣ ሚክሰሩ ደርሷል። ሁሉም ይቸኩላል። ኤሌክትሪሽያኑ ሲለፋ የዋለበትን ቱቦ ሰው ይረግጠዋል፣ ጋሪ ያልፍበታል። አንዱ ይጨፈለቃል። የሌላው መጋጠሚያ ሙጫ ስላልነካው ይከፈትና የሲሚንቶ ውሃ ገብቶበት ይደርቃል። መፈተሽ ያለበት ያን ሰዓት ነው፤ ነገር ግን «ኢንጂነር፣ በእመቤቴ፣ ሚክሰሩ ቆሟል፣ ፈርሚልን!» የሚለው ልመና አያስቆምም። ቱቦውን አንድ በአንድ ተከትላ፣ ፎቶ አንስታ፣ ከዚያ የምትፈርም ተቆጣጣሪ ስታጋጥማችሁ አክብሯት። ያስቀየመችው ሰው ብዙ ነው።

ከወራት በኋላ ሽቦ ይሳባል። ሦስቱ አላልፍ ይላሉ። ግድግዳ እንዳይሰበር ልስኑ አልቋል። ስለዚህ ሁለት ብቻ ይገባሉ። ማን እንደምትቀር ገመታችሁ አይደል? ፌዝና ኒውትራል ከሌሉ ምንም አይሠራም። ግራውንድ ባትኖር በዕለቱ ማንም አያውቅም።

መፈተሻ ቢመጣስ? ያቺ ሶኬት ላይ የምትሰካው፣ ባለ ሦስት መብራቷ? እሷንም ያታልሏታል። ከሶኬቱ ጀርባ፣ ከኒውትራሉ ወደ ግራውንዱ፣ ጣት የማታህል ቁራጭ ሽቦ ይታሰራል። መፈተሻዋ ሁለቱን መለየት አትችልም፤ «ደህና ነው» ብላ ታበራለች። ይህቺ ቁራጭ ሽቦ የምር ታናድደኛለች። አንድ ቀን ኒውትራሉ ቢላቀቅ፣ ምጣዱ ራሱ አንዳች ብልሽት ሳይኖርበት፣ 220ው ቮልት በእሷ በኩል ዞሮ የምጣዱ ብረት ላይ ይወጣል። ሊጥ የነካ እጅ፣ እርጥብ ወለል። «ነዘረኝ» ብሎ ለመናገር የበቃ ሰው ዕድለኛ ነው።

የምንይዛትም በዘዴ ነው። ዋናው ብሬከር ይጠፋል፤ ኒውትራሉ ከማከፋፈያው ሳጥን ይነቀላል። ከዚያ ከሳጥኑ የግራውንድ ማሰሪያ እስከ ሶኬቱ ድረስ መገናኘቱን በሜትር እንለካለን። እውነተኛዋ ሽቦ ካለች ሜትሩ ይጮኻል። ከሌለች ጸጥ። ሶኬቱን ደግሞ እኔ እመርጣለሁ፤ ሁልጊዜ ወደ ሳሎኑ ይመሩኛል፣ እኔ ግን በቀጥታ ወደ ኩሽና ነኝ።

ወረቀትም ይናገራል። የሽቦ ልባስ ኃይል ከመለቀቁ በፊት በ500 ቮልት ሜገር ይለካል፤ ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም መስጠት አለበት። ሳሎኑም 187፣ መኝታ ቤቱም 187፣ ኩሽናውም 187 ሜጋ ኦም ከሆነ፣ ያ ቅጽ የተሞላው ቢሮ ቁጭ ተብሎ ነው። እውነተኛ ልኬት ዝብርቅርቅ ነው።

የሽቦውንም ነገር ላንሾካሹክላችሁ። ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ከመዳቡ ሥር ነጭ ብረት ብቅ ካለ አሉሚኒየም ነው፤ መዳብ የተቀባ። ባለ 2.5 የሚባለው ነጠላ ሽቦ ደግሞ ውፍረቱ ወደ 1.8 ሚሊ ሜትር መምጣት አለበት። ካሊፐር ሲወጣ ያዩ ነጋዴዎች ወዲያው ሌላ ጥቅልል ያመጣሉ።

እናንተም ቁልፍ ልትረከቡ ስትሄዱ ይህን በሉ፦ «ኃይሉን አጥፉና የኩሽናውን ሶኬት ፍቱልኝ።» ከዚያ ፎርማኑን እዩት። ሥራውን የሚተማመንበት ካቻቢቴውን ከኪሱ ያወጣል። ሌላው «የመጋዘኑን ቁልፍ የያዘው ልጅ ምሳ ወጥቷል» ይላችኋል። ልጁ እስኪመለስ ጠብቁት።